ይላላ ወይስ ይጥበቅ? በታችኛው ክፍል የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቋንቋ መምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ከምንባብ ግርጌ ብዙ ጥያቄ ጽፌያለሁ። ዛሬ መለስ ብዬ ስመለከታቸው፣ አብዛኞቹ ለመመለስ ምንባቡን መረዳት የማይጠይቁ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ነገሩን ለማሳየት ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «ፈርማዩ ግልዶሹን በዝምቡላው ሥር ጠረነሰ።» ፈርማዩ ምን ጠረነሰ? ግልዶሹን። የት? በዝምቡላው ሥር። አንባቢ ሁለቱንም በትክክል መልሷል፤ የተረዳው ግን አንዳች ነገር የለም። የተሳቢው «ን» እና መስተዋድዱ «በ» መልሱን አቀብለውታል። ልጆች ይህን ዘዴ ማንም ሳያስተምራቸው ይደርሱበታል። በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ከምንባቡ ይፈልጉና ጎረቤቱን ይገለብጣሉ፤ እኛም በቀይ እስክርቢቶ ራይት እናደርግላቸዋለን።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዶሎረስ ደርኪን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአገራቸው ክፍሎች ተቀምጠው የንባብ ትምህርትን በደቂቃ ሲለኩ፣ መረዳትን ለማስተማር የዋለው ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። መምህራኑ ይጠይቁ ነበር፤ መጠየቅና ማስተማር ግን አንድ አይደሉም። ከዚያ በኋላ ፓሊንክሳርና ብራውን በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ስልት መጣ። ተማሪዎች እየተፈራረቁ እንደ መምህር ሆነው ስለ ምንባቡ ይጠይቃሉ፣ የከበደውን ያብራራሉ፣ ያሳጥራሉ፣ የሚቀጥለውን ይተነብያሉ። ስልቱን አከብረዋለሁ። ሆኖም የተሞከረው ፊደል መለየትን ጨርሰው መረዳት ባቃታቸው፣ ከፍ ባሉ ተማሪዎች ላይ ነበር። በአማርኛ ሁለቱን ደረጃዎች እንዲህ መነጣጠል የሚቻል አይመስለኝም። ምክንያቴን በአንድ ገጠመኝ ላስረዳ።

ለሦስተኛ ክፍል ራሴ ያዘጋጀሁት አንድ አጭር ምንባብ ነበር። አውራ ዶሮ ዛፍ ላይ ነው፤ ቀበሮ ከሥር ቆማ «ከወረድህ ትበላለህ» ትለዋለች። ከግርጌው «ቀበሮዋ አውራ ዶሮውን ምን አለችው?» የሚል ጥያቄ ጽፌያለሁ። አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ «በ»ንና «ላ»ን አጠበቃቸው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «አላላው» አልሁትና አላልቶ ደገመው፤ ንባቡ ቀጠለ። ጥያቄውን ሁሉም ቃል በቃል ገልብጠው መለሱ፣ ሁሉም ሙሉ ማርክ አገኙ።

ስሕተቴ የገባኝ ደብተር ሳርም ነው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይጽፍም። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ቃሉን በትክክል ለመጥራት አስቀድሞ ነገሩን መረዳት አለበት፤ አንብቦ መረዳት ብቻ ሳይሆን ተረድቶ ማንበብም አለ። ያ ልጅ ቃሉን ያጠበቀው የቀበሮዋን ሐሳብ ስለደረሰበት ነበር። የሳቁት ደግሞ ቃሏን ብቻ ሰምተዋል። እኔ ድምፁን አረምሁ፤ ለምን እንዳጠበቀ ግን አልጠየቅሁትም። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ምንባቡን በሚገባ የተረዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ የታረመውም እርሱ ብቻ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ እንዳላነበቡ ካሳየ ወዲህ፣ በደቂቃ የሚነበብ የቃላት ቁጥር ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ድንጋጤው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሰዓት ይዞ የሚቆጥር ሰው ያንን ልጅ እንዴት ይቆጥረዋል? አንድ ስሕተት ብሎ ያልፈዋል።

የቤተ ክህነት ትምህርት ብዙ ጊዜ በሽምደዳ ይወቀሳል። ወቀሳው ለንባብ ቤቱ እውነትነት አለው፤ ልጁ ዳዊት የሚደግመው በማይሰማው በግእዝ ነውና። ወደ ትርጓሜ ቤት የደረሰው ጥቂቱ ግን «አንድም» ማለትን ይማራል። አንዱን ቃል በአንድ ፍች ሳይዘጋ፣ ሌላውንም ያስከትላል። ይህ ልማድ ለሊቃውንት ብቻ ተጠብቆ ለምን እንደሚቆይ አይገባኝም። የስምንት ዓመት ልጅ «አንድም» ማለት ይችላል። በአንጻሩ ዛሬ በየመጻሕፍቱ የገባው የ«ቅድመ ንባብ» ግምት እንኳ ወደ ሥርዓተ ጸሎት ተለውጦ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ሥዕሉን አይተው ይገምታሉ፣ መምህሩ «ጎበዝ» ይላል፣ ግምቱን ተመልሶ ከምንባቡ ጋር የሚያስተያይ የለም።

በማግስቱ ምንባቡን እንደገና አወጣሁትና ልጁ እንዳጠበቀው እንዲያነብ ለመንሁት። ከዚያም «ማን ነው ልክ?» አልሁ። ክርክሩ ደራ። አንዲት ልጅ ከዛፉ ሥር ጥሬ እንዳለ ምንባቡ የት ላይ እንደሚናገር ጠየቀች፤ ሁሉም አጎንብሰው ፈለጉ፣ የለም። ሌላዋ «ታዲያ ቀበሮዋ ዋሽታለች ወይ?» አለች። ያ ያነበበው ልጅ ጥቂት አሰበና «በአፏ ዋሽታለች፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልዋሸችም» ሲል መለሰ።

«ቀበሮዋ ዋሽታለች ወይ?» የሚለውን በሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ላይ አስገባሁት። ፈተናውን የሚያዩት ባልደረባዬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ጥያቄው ተሰርዞ ነበር፤ ከጎኑ «የመልስ ቁልፍ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። በምትኩ የገባው «ቀበሮዋ የት ቆማ ነበር?» የሚል ነው።