ፈሳሽ ሁሉ የአባላዘር በሽታ ነውን?

የላቦራቶሪ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ የአባላዘር በሽታዎችን በምልክቶቻቸው ላይ ተመሥርቶ ማከም የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲያስፋፋው የኖረ፣ ብዙ ሕሙማንንም የጠቀመ ስልት ነው። ከሽንት ቧንቧው መግል የሚወጣውን ወንድ በዚያው ዕለት ለጨብጥና ለክላሚዲያ ማከም ተገቢ ነው፤ ምልክቱና በሽታው በቅርብ የተሳሰሩ ናቸውና። ስልቱ ለነቀፌታ የሚጋለጠው ያው መለኪያ ወደ ሴቷ ሲዞር ነው።

አብዛኛውን የብልት ፈሳሽ የሚያስከትሉት ባክቴሪያል ቫጂኖሲስና ካንዲዳ ናቸው። ካንዲዳ ከአባላዘር በሽታዎች አይመደብም። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ቢያያዝም (እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ወንዱን አብሮ ማከም የበሽታውን ማገርሸት እንደሚቀንስ አሳይቷል) በትዳር ላይ ለመማገጥ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ሠንጠረዡን በጥድፊያ የሚከተል ባለሙያ «የአባላዘር በሽታ አለብሽ፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ይላታል። በካርዱ ላይ ግምት የነበረው ቃል ቤት ሲደርስ ክስ ይሆናል፤ ጠብ ይነሣል፤ ትዳርም ሊፈርስ ይችላል። ይህን ጉዳት የሚቆጥር የጤና ጣቢያ መዝገብ የለም።

በአንጻሩ በክላሚዲያ ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ ምልክት አይታይባቸውም። ፈሳሽ የሌላት ሴት ለሠንጠረዡ ጤነኛ ናት፤ የማኅፀን ቱቦዎቿ ተጎድተው መካን ስትሆን፣ ወይም ከማኅፀን ውጭ ባረገዘችው ፅንስ ሳቢያ ደም ሲፈሳት ነው የምትታወቀው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ከገመታቸው 374 ሚሊዮን አዳዲስ የሚድኑ የአባላዘር በሽታዎች 129 ሚሊዮኑ ክላሚዲያ ነበሩ። በ2021 መምሪያውም የሞለኪውል ምርመራ በሚገኝበት ስፍራ ፈሳሽ ያለባት ሴት እንድትመረመር መክሯል።

የመከላከያ ትምህርቱም ከዚህ ጉድለት አላመለጠም። «አንድ ለአንድ መወሰን» ባሏ ያልተወሰነላትን ሚስት አያድናትም። ባለሙያው «ጨብጥ ጨረቃ ፊት በመሽናት ይመጣል» የሚለውን የቆየ እምነት ሰምቶ ፈገግ ይላል። እምነቱ በእርግጥ ስሕተት ነው፤ ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ማንንም ሳይከስ ሐኪም ፊት የሚቀርብበትን መንገድ ትቶለት ነበር። የዛሬው ማስተማሪያ ስሕተቱን ሲያርም ይህን መንገድ አብሮ ዘጋው።

ስፔኩለም ባለበት የማኅፀን አንገትን ማየት፣ ምልክት ባይኖራትም የባሏን ሕመም መጠየቅ፣ ነፍሰ ጡሯን ለቂጥኝ መመርመር ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። «ፈሳሹ ከብዙ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ከማን እንደመጣ ይህ ምርመራ አይናገርም» ብሎ ለማስረዳትም አንድ ደቂቃ ይበቃል።