ብራናው የማን ቆዳ ነበር?

በጥሩ ብራና ላይ ሁለት ሥራ ተደርቦ ይታያል። አንደኛው የብራና ፋቂው እጅ ነው። ሁለተኛው ፍየሏ ወይም በጉ በሕይወት ሳሉ ሥጋቸው ያበጀው ነው፤ ይኸኛው በዓይን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ብቻ ይነበባል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

በእንጦጦ ጋራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ጋራ ላይ ነው። ከጋራው ጀርባ ሱሉልታ፣ ከዚያ ሰላሌ ይቀጥላል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲታለፍ መንዝ ነው። የበግና የፍየል አገር ነው። የእነዚህ እንስሳት ቆዳ ከጋጣ ወደ መቅደስ የሚገባው በአንድ ባለሙያ እጅ አልፎ ነው፤ የዚህን ሰው ስም ግን በመጽሐፉ ላይ አናገኘውም። የጸሐፊው ስም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ ያጻፈው ሰውም በጸሎት ይታሰባል። ፋቂው ራሱ ጸሐፊው ካልሆነ በቀር ማንም አያነሣውም። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ሥራው የሚጀምረው ቆዳ በመምረጥ ነው። እሾህ የቧጨረው፣ መዥገር የበላው፣ የቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» የሚሉት ጉዳት ያገኘው አይሆንም። ገፋፊው ሳያውቅ በቢላዋ ጫፍ የነካት ትንሽ ቦታ እንኳ ቆዳው ሲወጠር ተከፍታ ክብ ቀዳዳ ትሆናለች። በጥንት መጻሕፍት ጸሐፊው እንዲህ ያለችውን ቀዳዳ ዞሯት ሲጽፍ፣ ወይም ፋቂው አስቀድሞ በጥንቃቄ ሰፍቷት እናያለን። ከዚያ ቆዳው በውሃ ይነከራል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋና ስቡ ይፋቃል። ጠጉሩም የሚነሣው በስለት ነው። አውሮፓውያን ቆዳውን ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ ዘፍዝፈው ጠጉሩን በቀላሉ ይነቅሉት ነበር። በአገራችን ልማድ ኖራ የለም። ስለዚህ ጠጉሩን ከሥሩ የሚያነሣው፣ ቆዳውን ግን የማይበሳው የእጅ ልክ ብቻ ነው። በመጨረሻ ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታሻል።

ውጥረቱ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። እርጥብ ቆዳ ውስጥ ክሮቹ ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ተጠላልፈው ይኖራሉ። ተወጥሮ ሲደርቅ ግን ሁሉም ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ ነው ቆዳው ቀለም የሚቀበል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲገለጥ ድምፅ ያለው ቅጠል የሚሆነው። ሳይወጠር የደረቀ ቆዳ ጠፍር ነው፤ መጽሐፍ አይወጣውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ፤ ይህ ቅጠል የማን ቆዳ ነበር? ዓይን የሚፈልገው መጀመሪያ የጠጉር ቀዳዳዎችን ነው። በጥጃ ቆዳ ቀዳዳዎቹ ተመሳሳይ መጠን ይዘው በእኩል ርቀት ይበተናሉ። በፍየል ትልልቆቹ በረድፍ ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸው ደቃቆቹ ይገባሉ። በበግ ደቃቅ ቀዳዳዎች ሰብሰብ ሰብሰብ ይላሉ። ሱፋም በግ ከሆነ ሌላም ምልክት አለ፤ በቆዳው ንብርብሮች መካከል ስብ በብዛት ስለሚቀመጥ፣ ስቡ ሲወጣ ቅጠሉ ሁለት ላይ ሊላጥ ይችላል።

ይህ ሕግ ግን የአውሮፓን በግ አይቶ የተጻፈ ነው። የመንዝ በግ ባናና በርኖስ የሚሠራበት ሱፍ አለው፤ ብዙው የኢትዮጵያ በግ ግን ሱፍ ሳይሆን ጠጉር ነው የሚያበቅለው። ጠጉራም በግ ቆዳው የጠበቀ፣ ስቡ ያነሰ፣ መልኩም ወደ ፍየል የቀረበ ነው። የሰላሌ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። የባቲ ፍየልም እንዲሁ በስሙ የሚጠራ ቆዳ አለው። ስለዚህ በሰላሌ በግና በፍየል ብራና መካከል የቆመ ዓይን፣ የሰለጠነ ቢሆንም፣ ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ፋቂው ጎበዝ በሆነ ቁጥር የጠጉር ቀዳዳዎቹ ይጠፋሉ። የላይኛውን ገጽ ጨርሶ ካነሣው፣ በድንጋይም ካለሰለሰው፣ የእንስሳው መልክ ከቅጠሉ ላይ ተሰርዟል ማለት ነው። ያማረው ሥራ የራሱን ምንጭ ይደብቃል። ዓይን እዚህ ላይ ይቆማል፤ ፕሮቲኑ ግን አይፋቅም።

ብራና ከሞላ ጎደል ኮላጅን ነው። እያንዳንዱ የኮላጅን ሞለኪውል እንደ ጠንካራ ገመድ ከሦስት ክር የተገመደ ነው፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ሺህ ያህል አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የተገመደው ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር ተኩል ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተመራማሪዎቹ ጂ. ኤን. ራማቻንድራንና ጎፒናት ካርታ በሕንድ ማድራስ ላይ ሆነው የሦስትዮሽ ግምዱን ሐሳብ አቀረቡ። የግምዱ ምሥጢር አንድ ነው፤ ከየሦስቱ አሚኖ አሲድ አንዱ ግላይሲን መሆን አለበት። ሦስቱ ክሮች የሚነካኩበት ውስጠኛ ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ ከሁሉ ትንሿ ግላይሲን ካልሆነች በቀር ሌላ አይገባበትም። ከእነዚህ ግላይሲኖች አንዲቱ እንኳ በሌላ ብትተካ አጥንትን ተሰባሪ የሚያደርግ በሽታ ሊከተል ይችላል። ይህን የመሰለ ጥብቅ ሥራ ከየትኛውም ዎርክሾፕ አይወጣም።

ነጻነት ያለው በቀሩት ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። በግና ፍየል ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ ከተለያዩ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግላይሲኖቹ ባሉበት ሲጸኑ፣ በሌሎቹ ቦታዎች ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተቀይረዋል። የእንስሳው ማንነት የተጻፈው በእነዚህ ጥቂት ለውጦች ነው።

ንባቡም ቀላል ነው። ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን ከላይሲንና ከአርጊኒን ቀጥሎ ይቆርጠዋል፤ ቦታ አይስትም። ስለዚህ ከአንድ ዝርያ ኮላጅን ሁልጊዜ ያው ቁርጥራጭ ይወጣል፤ የየቁርጥራጩ ክብደት ደግሞ በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካል። ለሦስቱ የብራና እንስሳት ሁለት ቁርጥራጮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው በጥጃ 2853 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)፣ በበግና በፍየል 2883 ይመዝናል። ሁለተኛው በጥጃና በበግ 3033፣ በፍየል 3093 ነው። 2853 ከ3033 ጋር ከተገኘ ጥጃ፤ 2883 ከ3033 ጋር ከሆነ በግ፤ 2883 ከ3093 ጋር ከታየ ፍየል። ዓይንን ያሳሳተው የሰላሌ በግ እዚህ ላይ ከሱፋሙ የመንዝ በግ ጋር እኩል «በግ» ተብሎ ይነበባል፤ ጠጉር ይሁን ሱፍ ኮላጅኑን አያገባውም። በአንጻሩ ይህ መንገድ ሰላሌን ከመንዝ አይለይም፤ ያን መጠየቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ናሙናው የሚወሰድበት መንገድ ደግሞ ለቅርስ ጠባቂ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሣራ ፊዲመንትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ቅጠሉን መቁረጥ አያስፈልግም። ተራ የፕላስቲክ ላጲስ በገጹ ላይ ቀስ ብሎ ይታሻል፤ በመታሸቱ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ደቃቅ ኮላጅን ወደ ላጲሱ ፍርፋሪ ይስባል፤ ለምርመራ የሚሄደው ፍርፋሪው ነው። ጥያቄያቸው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ስለተሠሩ የኪስ መጽሐፍ ቅዱሶች ነበር። ቅጠላቸው እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ካልተወለደ ጥጃ ቆዳ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ከጥንቸል ነው ያሉም አልጠፉም። 72 መጽሐፍ ቅዱሶችና ሌሎች 293 የብራና ናሙናዎች ሲመረመሩ እንግዳ እንስሳ አልተገኘም። ጥጃ፣ ፍየልና በግ ናቸው፤ አንዳንዴም በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ ዝርያ በላይ ይገኛል። ያ ስስነት ከሙያተኛው እጅ ሊመጣ እንደሚችል ተጠቆመ። ፕሮቲኑ ስለ እንስሳው ተጠይቆ ስለ ሰውየው መሰከረ።

ለእኛ ብራና ከዚህ የበለጠም ሊናገር ይችላል። ኖራ ኮላጅን ውስጥ ያለውን ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ የቁርጥራጩ ክብደት በአንድ ዳልተን ያህል ከፍ ይላል። ቆዳው በኖራ ብዙ በቆየ ቁጥር ለውጡ ይበዛል። ኖራ ያልነካው የእኛ ብራና ይህ ጠባሳ ያነሰበት ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ አንድ የላጲስ ፍርፋሪ የእንስሳውን ዝርያ ብቻ ሳይሆን ፋቂው የተከተለውን ልማድ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። ስሙ ያልተጻፈ ባለሙያ ካለፈ በኋላ ስለ እጁ የሚናገርለት ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ብዙ የመጻሕፍት መዘርዝሮች የቅጠሉን ቁመትና ስፋት፣ የዓምዱንና የመስመሩን ቁጥር በትጋት ይመዘግባሉ፤ ስለ ቁሱ ግን «ብራና» ብለው ያልፋሉ። በየደብሩ ዕቃ ቤትና በየቤተ መዘክሩ መጻሕፍት ለምትጠብቁ፣ መዘርዝርም ለምታዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። የጠጉር ቀዳዳው የሚታይበትን ቅጠል አጉልታችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከ«ብራና» ቀጥሎም የፍየል፣ የበግ ወይም የጥጃ መሆኑን የምትጽፉበት ቦታ ተዉ። የሠለጠነ ባለሙያ ቅጠል በላጲስ ሲያጸዳም ፍርፋሪውን አይጣለው፤ የቅጠሉ ቁጥር በተጻፈበት ንጹሕ ብልቃጥ ይክተተው።