ከቤት ካርታ ወደ ሥራ መዝገብ፦ የግሉን ዘርፍ የማበረታታት ፖሊሲ በመያዣ ሲመዘን

ሁለት ቶርኖ ማሽንና አምስት ሠራተኛ ያለው አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ እናስብ። የሚሠራበት ቤት የኪራይ ነው። ለዓመታት ግብር ከፍሏል። አሁን ከአቅሙ በላይ ትእዛዝ መጥቶለት ሦስተኛ ማሽን መግዛት ፈልጓል። ባንክ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠብቀው ጥያቄ ‹‹የቤት ካርታ አለዎት?›› የሚል ነው። ካርታ ከሌለው የእጁ ሙያም፣ የደንበኞቹ ብዛትም፣ ያከማቸው የግብር ደረሰኝም አይመሰክርለትም።

ኢትዮጵያ የግሉን ዘርፍ ለማበረታታት ብዙ አዋጅ አውጥታለች። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን አንድ ነው። ባንክ የሚያበድረው ሰው በሚሠራው ሳይሆን ባለው ቤት እስከተመዘነ ድረስ፣ የማበረታቻው በረከት ቀድሞ ለደረጀው እንጂ ለሚያድገው አይደርስም።

ቤት እንዴት ቁልፍ ሆነ?

ነገሩ ሥር አለው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ወረሰ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም በዚያው ዓመት የመንግሥት ሆነ። ቀጥሎ በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴ ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት፤ ለችርቻሮ 200,000፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ማደግ ራሱ ሕግ መጣስ የሆነበት ዘመን ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጣሪያው ተነሣ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለኢትዮጵያውያን የግል ባንኮች በር ከፈተ። የመሬት ጉዳይ ግን በነበረበት ጸና፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ።

ስለዚህ በመያዣነት በዋናነት የሚታመነው በመሬቱ ላይ የቆመው ቤትና የሊዝ መብቱ ሆኖ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንኮች ያልተከፈለ ብድር መያዣን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ዋጋው ከዓመት ዓመት የሚጨምር፣ የማይሰወርና በቀላሉ የሚሸጥ ንብረት እያለ ባንክ ሌላ ለምን ይመርጣል? የአስቀማጭ ገንዘብ አደራ አለበትና ምርጫው ከእርሱ አንጻር ልክ ነው። ጥፋቱ ያለው ሌላ ምርጫ ባላበጀው ሥርዓት ላይ ነው።

ገንዘቡስ ለማን ፈሰሰ?

የመያዣው ጥበት ሳያንስ ገንዘቡም ጠበበ። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ላይ 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። ለ5 ዓመት የሚታሰረው ይህ ሰነድ መጀመሪያ ላይ የሚከፍለው ወለድ 3 በመቶ ነበር፤ ባንኮቹ ለቆጣቢ ከ5 በመቶ በታች መክፈል ባይችሉም። የመመሪያው ደጋፊዎች ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለአምራች ኢንዱስትሪ እንደሚመለስ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ረጅም ብድር በሌለበት አገር ረጅም ገንዘብ የሚያሰባስብ አካል ያስፈልጋል። ነገር ግን መመሪያው ማን ይበደር የሚለውን ውሳኔ ደንበኛውን በቅርብ ከሚያውቀው ባንክ ወስዶ ከሩቅ ለሚመርጥ ተቋም ሰጠ። መመሪያው በ2012 ዓ.ም. ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ግን ሐሳቡ በሌላ ስም ተመልሶ ከአዲስ ብድር 20 በመቶው ለግምጃ ቤት ቦንድ እንዲውል ተደነገገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገደበ።

የዋጋ ንረትን መግታት ተገቢ ነው፤ ድሀውን ከማንም በላይ የሚጎዳው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ብድር ሲመጠን ባንክ ቀድሞ የሚያስታውሰው የቆየ፣ ትልቅና ባለ ሕንፃ ደንበኛውን ነው። ባለ ቶርኖው ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል።

ማበረታቻዎቹም ወደዚያው ያጋድላሉ። ከቀረጥ ነፃ ማሽን የማስገባት መብት የሚጠቅመው ማሽኑን መግዣ ገንዘብ ላለው ነው። የግብር እፎይታም ገና ከማደጉ በፊት ለታነቀ ድርጅት ትርጉም የለውም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ወጣቶች ሥራ ፈጥሯል። ሆኖም የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል (አጎዋ) በ2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ ከውጭ የመጡ ድርጅቶች እግራቸውን ማንሣት ጀመሩ። መሄጃ የሌለው የአገር ውስጥ አምራች ግን የትም አልሄደም። በጥቃቅንና በትልቁ ድርጅት መካከል ያለው ድልድይ የተሰበረው በእርሱ ላይ ነው።

ከዋስ ባህል የሚቀዳ ትምህርት

ሕዝቡ ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ ካበጀ ቆይቷል። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ የእቁቡ ዳኛ የሚመዝነው የሰውየውን ጠባይ፣ የሱቁን ውሎና የአከፋፈል ልማዱን ነው። መያዣው መታወቅ ነው። እቁብ የአባላቱ ቁጥር ይወስነዋልና ፋብሪካ አያቆምም፤ መርሑን ግን ባንክ ሊወርሰው ይችላል።

ሕጉም ወደዚያ አንድ ርምጃ ተራምዷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር በመያዣነት እንዲመዘገቡ ፈቅዷል። በካፒታል ዕቃ ኪራይ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ዋስ ይሆናል፤ ዕዳው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ነውና። በስልክ የሚሰጡ ያለ መያዣ ብድሮች ሰውን በገንዘብ እንቅስቃሴው መመዘን እንደሚቻል አሳይተዋል፤ መጠናቸው ግን ቶርኖ አይገዛም። ትልቁን ብድር የሚሰጠው መስኮት ዛሬም ከካርታ አልተላቀቀም። ተበዳሪ በሥራ የማያገኘው ሕግ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ልማት ባንክ ፕሮጀክቱን ራሱን መያዣ አድርጎ አበድሮ በተለይ በዝናብ ጥገኛ እርሻዎች ብዙ ገንዘብ ተበላሽቶበታል። እውነት ነው። ግን በጋምቤላ ለእነዚህ እርሻዎች የተሰጠው ብድር ሲመረመር የባለሀብቶች ይዞታዎች እርስ በርስ ተደራርበው መሰጠታቸው ታወቀ። የጠፋው የተበዳሪ ቤት አልነበረም፤ ማሳው ላይ ሄዶ ሥራውን ያየ ሰው ነው የጠፋው። ይህ ውድቀት የሚያስተምረው ሥራን ሳያዩ በወረቀት ብቻ ማመን እንደማይበጅ ነው፤ ትምህርቱ ለቤት ካርታም ይሠራል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ሁለቱም ታላላቅ ለውጦች ናቸው። የውጭ ባንክ ሲገባ ግን የሚያገኘው ይኸንኑ ገበያ ነው፤ ካርታ መጠየቅ ቀላልና አትራፊ እስከሆነ ድረስ እርሱም ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ የተመዘገበ ማሽንና የሚሰበሰብ ሂሳብ በባንኮች ሚዛን የሚገባቸውን ክብደት እንዲያገኙ ደንቡን ያስተካክል፤ መንግሥት ለመካከለኛ አምራቾች የብድር ሥጋትን ከባንኮች ጋር ይካፈል፤ የተወሰደ ማሽን ቶሎ ገዢ የሚያገኝበት ገበያም ይበጅ። የግብር መዝገብ የታማኝ ነጋዴ ምስክር ይሁን፤ ያን ጊዜ ደረሰኝ መቁረጥ ራሱ ጥቅም ይኖረዋል።

ውጤቱን ለመከታተል አንድ ቁጥር ይበቃል። በየዓመቱ ከተሰጠው ብድር ምን ያህሉ ቤት ሳይያዝበት እንደተሰጠ ብሔራዊ ባንክ ለሕዝብ ያሳውቅ። ስንት ፈቃድ ወጣ፣ ስንት ባለሀብት መጣ የሚሉት አኃዞች የሚነግሩን የገባውን ነው። ይህኛው ግን አገሪቱ ሠርቶ የሚያድገውን ልጇን ማመን መጀመሯን ይነግረናል።