የቅርጽ ብልጽግናና የድርጊት ድህነት በ«ሳሞሮስት»

በየቤቱ የሚሠሩ የኮምፒውተር የጀብዱ ጨዋታዎች መልካቸውን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከእጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሮቤርታና ኬን ዊሊያምስ ባዘጋጁት «ሚስትሪ ሃውስ» ቤቱም ሰዎቹም በቀጫጭን መስመር ብቻ የተነደፉት የማሽኑ አቅም ስላነሰ ነበር።

ቼካዊው ያኩብ ድቮርስኪ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ገና በፕራግ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ ለመመረቂያው ባቀረበው «ሳሞሮስት» ሌላ መንገድ መረጠ። ቃሉ በቼክ ቋንቋ በተፈጥሮው አንዳች ፍጡር የመሰለ ሥር ወይም ጉቶ ማለት ነው። ሥራውም እንደ ስሙ ነው። የዛፍ ሥር፣ የቅርፊትና የድንጋይ ሽበት ፎቶግራፎች ጎልተው በጠፈር የሚንሳፈፍ ዓለም ሆነዋል፤ ነጭ ቆብ የደፋ ድንክም ቤቱን ሊገጭ የሚመጣውን ሌላ ዓለም አቅጣጫ ለማስቀየር ይነሣል። በልጅነቱ ሣር ላይ ተንበርክኮ የጉንዳን መንገድ የተከተለ ሁሉ ይህን አገር ወዲያው ያውቀዋል። ቁሱ ራሱ ይተርካል፤ ይህም ቀላል ድል አይደለም።

ይሁን እንጂ እንደ ተውኔት ጸሐፊ ቅሬታ አለኝ። አደጋው በመክፈቻው ከታወቀ በኋላ ተጫዋቹ በየትዕይንቱ የሚነካውን ይፈልጋል፤ ሲነካም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ያልጠበቀው ነው። መደነቅ አለ፤ ምርጫ ግን የለም። መድረኩ ከተዋናዩ ሲልቅ በቲያትር ቤትም አይተናል፤ ተመልካቹ ለመጋረጃው አጨብጭቦ ይወጣል።

ድቮርስኪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ማሺናሪየም» ግን ትንሹ ሮቦት የሚያስታውሰው ግፍ፣ የሚናፍቃትም ወዳጅ አለችው። በእጅ የተሣለው የዛገ ከተማ እዚያ ከጌጥነት አልፎ የእርሱ መከራ ሆኗል።