«ጉባኤ» ወይስ «ቤተ ክርስቲያን»፦ የሞርና የቲንደል የቃላት ክርክር

የተርጓሚዎች ክርክር ብዙውን ጊዜ ከብዕር ቍርሾ አያልፍም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዝ ግን የቃል ምርጫ በመናፍቅነት ያስከስስ ነበር። የዊልያም ቲንደልና የቶማስ ሞር ሙግት ዘወትር የሚጠቀሰው በሃይማኖት ታሪክ ነው፤ እኛ የምንመረምረው ግን በመዝገበ ቃላት ሙያ ሚዛን ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቲንደል አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1526 በጀርመን አገር፣ በቮርምስ ከተማ አሳተመ። ካቶሊካዊው የሕግ ሊቅ ሞርም በ1529 ባወጣው መጽሐፍ ትርጉሙን ሲነቅፍ በጥቂት ቃላት ላይ አተኰረ። ቲንደል «ኤክሌሲያ»ን «ቸርች» ማለትም ቤተ ክርስቲያን በማለት ፈንታ «ኮንግሪጌሽን» ወይም ጉባኤ ብሎታል፤ «ፕሬስቢቴሮስ»ን ካህን በማለት ፈንታ «ሲንየር» ብሎታል፤ ለ«አጋፔ» ደግሞ «ቻሪቲ»ን ትቶ «ላቭ»ን መርጧል።

የሞር መከራከሪያ በሙያችን ዓይን ሲታይ ጽኑ ነው። የቃል ፍች የሚጸናው በተናጋሪው ሕዝብ ልማድ ነው፤ «ኮንግሪጌሽን» ደግሞ የክርስቲያኑንም የቱርኩንም ስብሰባ እኩል ስለሚያመለክት የሚፈለገውን ነገር ለይቶ አይጠራም ይላል። ቲንደል በ1531 ሲመልስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 በኤፌሶን የታወከው የአሕዛብ ስብስብ ራሱ «ኤክሌሲያ» መባሉን አስታወሰ፤ የግሪክኛው ቃል አጠቃላይ ከሆነ አቻውም አጠቃላይ መሆን አለበት ማለቱ ነው። ከዚያም የሞር ወዳጅ የሆነው ኤራስመስ በላቲኑ ትርጉም አንዳንድ ቦታ ተመሳሳዩን ቃል ሲጠቀም ሞር ለምን ዝም አለ ሲል ጠየቀ።

ሞር ለዚህ የሰጠው መልስ፣ በአጭሩ፣ ኤራስመስ ክፉ አሳብ አልነበረውም የሚል ነው። ክርክሩ መሠረቱን የሳተው፣ በእኛ ግምት፣ እዚህ ላይ ነው። የተርጓሚው አሳብ በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችል ይሆናል፤ የቃል ፍች ሆኖ በመዝገበ ቃላት ሊገባ ግን አይችልም። በልማድ የጀመረው ሞር በሰውዬው ልብ ጨረሰ።

በ«ሲንየር» ረገድ ሞር ትክክል ነበር፤ ቃሉ በተራው እንግሊዝኛ ይህን ፍች አልያዘምና። ቲንደልም ጥሩ እንግሊዝኛ አለመሆኑን አመነ፤ ነገር ግን ሞር ሳይነግረው አስቀድሞ ማረሙን መግለጽ አልረሳም። በ1534 እትሙ «ኤልደር» ማለትም ሽማግሌ ብሎታል። ከዚህ ላይ የሚጤን ነገር አለ። እንግሊዝኛው «ፕሪስት» ራሱ ከ«ፕሬስቢቴሮስ» የተገኘ ነው። የእኛም «ቄስ» በግእዙ «ቀሲስ» በኩል ሽማግሌ ማለት ከሆነው ከሱርስቱ «ቀሺሻ» የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን ቄስ ሲባል ሽምግልና የሚታየው አድማጭ የለም። ስለዚህ በሥርወ ቃል ብቻ ማንም አይረታም፤ ጥያቄው ቃሉ የሚፈታው በጽሑፉ ዘመን ልማድ ነው ወይስ በአንባቢው ዘመን ልማድ የሚለው ነው። ሁለቱ ሊቃውንት የተለያዩበትን ይህን ነጥብ አንዳቸውም በግልጽ አላወጡትም።

ስለ «አጋፔ» ግን ሚዛኑ ወደ ቲንደል ያጋድላል። ሞር «ላቭ» የሥጋንም ፍቅር ይጨምራል ብሎ ሠጋ፤ ቲንደል ደግሞ «ቻሪቲ» በሕዝቡ አፍ ምጽዋትና ምሕረትን ወደ ማመልከት እንዳዘነበለ አስረዳ። በሞር የገዛ መርሕ፣ ማለትም በልማድ፣ ቢፈረድ የሚረታው ቲንደል ነበር። እኛም የምንጨምረው አለ፦ ግሪክኛው ከዚሁ ሥር ግስ ሲኖረው «ቻሪቲ» የለውም፤ ስሙንና ግሡን በአንድ ሥር ለማያያዝ የፈለገ ተርጓሚ ከ«ላቭ» በቀር የሚይዘው አልነበረውም።

ሞር የንጉሡን የቤተ ክርስቲያን የበላይነት ባለመቀበሉ በ1535 አንገቱን ተቀላ። ቲንደል በ1536 በብራሰልስ አጠገብ በቪልቮርድ ታንቆ ሬሳው ተቃጠለ። በ1582 በሬምስ የታተመው የካቶሊኮች አዲስ ኪዳን የሞርን ወገን ቃላት ያዘ። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ለተዘጋጀውና በ1611 ለታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በወጣው ደንብ ደግሞ «ቸርች» የሚለው ቃል በ«ኮንግሪጌሽን» እንዳይተካ ተወሰነ፤ ክርክሩን የዘጋው ማስረጃ ሳይሆን የመንግሥት ትእዛዝ ሆነ። በዚያው መጽሐፍ የሞር «ቻሪቲ» በመጀመሪያ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 ሲገባ፣ የቲንደል «ኤልደር» ደግሞ በቦታው ጸንቶ ቀረ።