«ስፋት»፥ «ይዘት»ና «ቁመት»፤ በአንድ የሂሳብ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ለተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ የሂሳብ ትርጉም ደርሶን ስለ ሬክታንግላዊ ፕሪዝም የሚናገረውን ምዕራፍ መርምረናል። ስሌቱ እንከን የለበትም። የባዕድ ስሙንም፥ ጡብንና ሣጥንን በአንድነት የሚጠራ የተለመደ ቃል ስላላገኘንለት፥ አንቃወምም። የምንቃወመው በሚገባ የምናውቃቸው የአማርኛ ቃላት የተሠራባቸውን አሠራር ነው።

ከሁሉ የከፋው «ስፋት» ነው። ተርጓሚው በመግቢያው «ርዝመት፥ ስፋትና ቁመት» ብሎ ሦስቱን ልኬቶች ይዘረዝራል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን «ይዘት የስፋትና የቁመት ብዜት ነው» የሚል ደንብ ያኖራል። በፊተኛው ቦታ ቃሉ የአንድ መስመር ልክ ነው፤ በኋለኛው ግን የወለሉ ስፋት፥ ማለት የርዝመትና የወርድ ብዜት ነው። ርዝመቱ 6፥ ወርዱ 4፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ደንቡ የሚፈልገው 24 በ3 ተባዝቶ 72 ሜትር ኩብ እንዲገኝ ነው። መግቢያውን ያልዘነጋ ተማሪ ግን 4ን በ3 አብዝቶ 12 ይላል፤ ይህም የአንዱ ግድግዳ ስፋት እንጂ የክፍሉ ይዘት አይደለም። የሚያሳዝነው፥ የሚሳሳተው አስተውሎ ያነበበው መሆኑ ነው! «ወርድ» የሸማኔውም የገበያተኛውም ቃል ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የኖኅ መርከብ 300፥ 50 እና 30 ክንድ ሆኖ ሲለካም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለ50ው ክንድ ይህንኑ ይላል። እንዲህ ያለ ቃል ተትቶ «ስፋት» ሁለት ሸክም የሚሸከምበት ምክንያት አይታየንም።

«ይዘት» ደግሞ ከ«ያዘ» የወጣ ነውና አንባቢውን ወደ ዕቃው ውስጥ ይስበዋል። ጡብ ምንም አይዝም፤ ይዘት ግን አለው። በውጭ ሲለካ 10፥ 8 እና 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ ክዳኑን ጨምሮ የእንጨቱ ውፍረት በየገጹ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በቦታ የሚይዘው 480 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፥ በውስጡ የሚይዘው ግን 192 ብቻ ነው። ሁለቱም «የሚይዘው» መባላቸውን ልብ ይሏል። ቃሉ በትምህርት ቤት ሥር ስለሰደደ ይነቀል አንልም፤ ለኋለኛው «የመያዝ ዐቅም» ማለት ይበቃል።

የመጨረሻው ነቀፋችን ረቂቅ ቢመስልም መልስን ይለውጣል። መልመጃው «ይዘቱ 24 የሆነ ፕሪዝም ልኬቶቹ ሙሉ ቁጥሮች ቢሆኑ፥ ሊሆኑ የሚችሉትን ርዝመት፥ ስፋትና ቁመት ሁሉ ፈልጉ» ይላል። በስተመጨረሻ የተሰጠው መልስ ስድስት ነው፦ 1፥1፥24፤ 1፥2፥12፤ 1፥3፥8፤ 1፥4፥6፤ 2፥2፥6፤ 2፥3፥4። ነገር ግን «ቁመት» ከመቆም የመጣ ነው፤ ሣጥኑ ሲጋደም ቁመቱ ይለወጣል። («ርዝመት»ም ቢሆን የጸና አይደለም፤ «ረጅም ሰው» የምንለው በቁመቱ ነው።) እያንዳንዱ ልክ በስሙ ከተጠየቀ 2፥3፥4 ብቻውን ስድስት አቀማመጥ ይኖረዋል፤ የሁሉም ድምር 30 ይሆናል። እንግዲህ 30 ብሎ የመለሰውን ልጅ የሚያርመው መምህር በጥያቄው ቃል ሊሟገት አይችልም።

ጠርዝ ቢቆምም ቢጋደምም ያው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በአንድ ማዕዘን የሚገናኙት የሦስቱ ጠርዞች ልክ፥ ቅደም ተከተል ሳይቈጠር፥ ስንት ዐይነት ሊሆን ይችላል?» ተብሎ እንዲታረም እናሳስባለን።