ሁለት አህጉር የሚያውቅ ቅጠል

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአንዲስ ደጋ ዕፀዋት ከዚያ በላይ፣ ጉም በሚውልበትና ሌሊቱ በሚበርድበት ይኖራሉ። ስለዚህ አዳማ ውስጥ ለደጋ ዕፀዋት ቴራሪየም፣ ማለትም የመስታወት የተክል ሣጥን፣ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚተወውን ይለያል። በፔሩ፣ ማቹ ፒቹ አካባቢ በዓለት መካከል የሚበቅለው ብርቱካናማው ኦርኪድ፣ ማስደቫሊያ ቬይቺያና፣ ይቀራል። የግንቦትን ቀትር አይችለውም።

የሚያዋጣው ሁለቱንም አህጉር የሚያውቅ ተክል ነው። ፔፔሮሚያ ቴትራፊላ በደቡብ አሜሪካም በእኛ ደጋ ደኖችም ዛፍ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ቅጠሉ ወፍራምና ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። በየአንጓው ብዙውን ጊዜ አራት አራት ሆኖ ግንዱን ይከባል። ሥሩ ጥልቀት አይሻም። የሣጥኑ ባለቤት እሱ ይሁን።

ሣጥኑ 60 በ40 በ45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከታች 4 ሳንቲ ሜትር ቀይ አሽ ይነጠፋል፤ በላዩ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ፣ አፈሩ ወደ ታች እንዳይሰርግ። ቀጥሎ 7 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ፦ ሦስት እጅ ፑሚስ፣ ሁለት እጅ የዛፍ ቅርፊት፣ አንድ እጅ የተሰባበረ ከሰል። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ ሞልቷል፤ ብሎኬት የሚሠሩት ያውቁታል። ከባቄላ የሚተልቀው ይለቀማል፤ ከምስር የሚያንሰው በወንፊት ይወርዳል። ከዚያ አጣቢው ውሃ እስኪጠራ ይታጠባል። መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ቀዳዳዎቹ ውሃ ሲጠግቡ ብዙው ይሰምጣል።

አሁን ጓደኞቹ። ፕሊዮፔልቲስ ማክሮካርፓ የተባለው ፈርንም በሁለቱ አህጉራት አለ። ቅጠሉ ጠባብና ያልተከፋፈለ ነው፤ ከጀርባው በመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ ክብ የስፖር ነጠብጣቦች ይሰለፋሉ። ድርቀት ሲበዛበት ይጠቀለላል፤ ሲርስ ይዘረጋል። ስለዚህ ቦታው ከላይ፣ አየር ከሚገባበት ጎን፣ በቆመ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አስፕሌኒየም ሞናንቴስ ግን እርጥበት ይወዳል፤ ከኋላ ጥግ፣ ከታች ይተከላል። ጥቁር ቡናማው ዘንጉ ከፔፔሮሚያው አረንጓዴ ጀርባ ሲቆም ጥልቀት ይሰጣል።

ለራይፕሳሊስ ባሲፌራ ብዙዎች ይጓጓሉ። ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ በተፈጥሮ የሚገኘው ብቸኛው ቁልቋል እሱ ነው፤ እሾህ አልባ ሆኖ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። የሚጣበቅ ዘሩን ወፍ ሳያሻግረው አልቀረም ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ እኔ ግን አላስገባውም። ሜትሮች እየረዘመ ለሌላው ብርሃን አይተውም። ችግኝ ሻጮች ዘንድ የሚገኘውን ባለ ጅማት ቅጠል ፊቶኒያም እንደዚያው፤ ወለሉን ሁሉ ይወርሳል።

ውሃው የዝናብ ይሁን። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የቅጠል ጫፍ ያቃጥላል። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ካጠበ በኋላ የሚወርደው ይጠራቀም። ሲተከልም በቅጠልና በመስታወት መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ይተዋል፤ እርጥብ መስታወት ላይ የተለጠፈ ቅጠል ይበሰብሳል።